ከኋላቸው የቆምኩት እኔ ነበርኩ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። እሳቸው ዘንድ ስንት ጊዜ ቀርቤ የዋሸሁትን፣ ያማሁትን፣ የተመኘሁትን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይያዝና "ያላስታወስኩትም ኃጢአት ይኖራል፣ አባቴ" ብዬ አልፋታለሁ። ያላስታወስኩት ብሎ ነገር። አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። ሚስቴ ሳታውቀው ሞተች። ልጆቼ አያውቁም። ይህን የምታነበው ሰው፣ ማን እንደሆንክ ባላውቅም፣ የመጀመሪያው አንተ ነህ። እባክህ ጠበቃ አትሁነኝ። ጠበቃ ሞልቶኝ ነው የኖርኩት፤ ሁሉም ግን ምን እንዳደረግኩ ሳያውቁ ነው የተከራከሩልኝ።

ያደረግኩትን አስቀድሜ ልናገረው፣ ኋላ እንዳላድበሰብሰው። አንድ የታመሙ ሽማግሌ ከኋላቸው ቆምኩ፣ ትከሻቸውን ያዝኩ፣ በሙሉ ኃይሌ ሳብኳቸው፣ ከዚያ ገለል አልኩ። ሲሚንቶ ላይ ወደቁ። ልይዛቸው እችል ነበር። አልያዝኳቸውም። የቀረው እዚያ እንዴት እንደደረስኩ ነው፤ እሱን ስናገር ማመካኛ የሚመስል ነገር ካገኘህ ተጠራጠረኝ።

በደርግ ጊዜ ከአራት ኪሎ ብዙም በማይርቅ ሆስፒታል ውስጥ በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ክፍል እሠራ ነበር። ስሜ ሽፈራው ነው፤ ፒያሳ ግን ሽፌ እያለ ነው ያሳደገኝ። ሥራዬ ስብራቱ የዳነለትን ማራመድ፣ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ያለውን እጁን ማለማመድ፣ ሚዛኑን ያጣውን እንዳይወድቅ ማስተማር ነበር። አዎ፣ ሰው እንዳይወድቅ ማስተማር ነበር ሥራዬ። ያሠለጠነችን ከውጭ የመጣች ሴትዮ ነበረች። አማርኛዋ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ አንቺ የሚል፣ ሴቱን ሁሉ አንተ የሚል ነበር፤ እንሥቅባት ነበር። አንድ ነገር ስትናገር ግን አንሥቅም። የሕመምተኛን ሚዛን ስንፈትን ከኋላው ቆመን ትከሻውን ወደ ራሳችን እንስባለን። ጤነኛ ሰው አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይቆማል። ሕመምተኛው አይራመድም፣ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ያኔ እጃችን መቀበል አለበት። "የማትይዘውን ሰው አትሳብ" ትለን ነበር፤ ይህን ስትል አማርኛዋ አይሳሳትም።

ጋሽ ተሰማን የማያውቅ የአራዳ ልጅ አልነበረም። የሲኒማ ቤት በረኛ ነበሩ። ወርቃማ ቁልፍ ያለው ካፖርታቸውን ለብሰው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ፤ ቲኬት የሌለውን በጆሮው ይዘው ወደ አስፋልቱ ይመልሱታል። ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሲጋራ ይለኩሳሉ፤ ያኔ በሩ ላይ የተኮለኮልነው ሁሉ በጎናቸው ሾልከን እንገባለን። የስንቱን ፊልም መጨረሻ ነው መጀመሪያውን ሳላውቅ ያየሁት። ካደግኩም በኋላ፣ ደመወዝ እያለኝ፣ በዋናው ሰዓት ከፍዬ ስገባ ጆሮዬን ነካ ያደርጉኝ ነበር።

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ጎረቤታሞች ነበርን። ባለቤታቸው ቀድመው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ጽጌ አትክልት ተራ ብርቱካንና ሎሚ ትነግድ ነበር። ጋሽ ተሰማ ጡረታ እንደወጡ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀጥሎ ርምጃቸው አጠረ፤ ደረታቸው ቀድሞ ይሄዳል፣ እግራቸው እየተንደረደረ ይከተላል። ድምፃቸው ቀነሰ። ፊታቸውም ዝም አለ፤ ሲሥቁም ሲያዝኑም አንድ ሆነ። ሰፈሩ አንዴ ምች ነው አለ፣ አንዴ ልክፍት ነው አለ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አለና መድኃኒት አዘዘ፤ መድኃኒቱ አንድ ሰሞን ይገኛል፣ ሌላ ሰሞን ከከተማው ይጠፋል። ከዚያ እኔ ዘንድ ተላኩ።

ከሁሉ የባሰባቸው በር ነበር። ሜዳ ላይ ሲራመዱ ይቆዩና በር አጠገብ ሲደርሱ እግራቸው ከመሬቱ ጋር ይጣበቃል። ሐሳባቸው አልፏል፣ ደረታቸው አልፏል፣ እግራቸው እምቢ ይላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በር ላይ የቆሙ ሰው በገዛ ደጃፋቸው መግባት አቃታቸው። ራሳቸው ይቀልዱበት ነበር። "ቲኬት የለህም ብሎ ከለከለኝ" ይሉ ነበር በዚያች በቀነሰች ድምፃቸው፤ ፊታቸው ስለማይሥቅ ቀልዱ ለሁሉም አይገባም ነበር። ለእኔ ይገባኝ ነበር።

ወራት አብረን ሠራን። ከወንበር እንዴት እንደሚነሡ፣ ክንዳቸውን እንዴት እያወዛወዙ እንደሚሄዱ አለማመድኳቸው። መዞር ሲያቅታቸው "እንደ ታክሲ አይዙሩ፣ እንደ አውቶቡስ ሰፋ አድርገው ይዙሩ" አልኳቸው፤ ይህን ወደዱት፣ ግቢ ውስጥ በዞሩ ቁጥር እንደ ጥሩምባ ይነፉ ነበር። በሽታው ደግሞ አንድ ጉድ አለው። ያ በር ላይ የሚጣበቅ እግር መስመር ካየ ይሻገራል። ከሆስፒታል ነጭ ፕላስተር አምጥቼ በቤታቸው ወለል ላይ፣ እስከ ደጃፉና ከደጃፉ ማዶ፣ በአግድም ለጠፍኩላቸው። ጋሽ ተሰማ የመጀመሪያውን መስመር አዩ፣ እግራቸውን አነሡ፣ እንደ ወታደር ረገጡ፣ ተሻገሩ። ጽጌ እልል አለች። የውጩን የግቢ በር ነገ እለጥፋለሁ ነገ እለጥፋለሁ እያልኩ አሳደርኩት።

በየጊዜው ያንን ፈተና እፈትናቸው ነበር። ከኋላቸው እቆማለሁ። "ልስብዎ ነው፣ ጋሽ ተሰማ።" እሳቸው ሁልጊዜ "ሽፌ፣ አለህ?" ይላሉ። "አለሁ" እላለሁ። "ካለህማ ሳበኝ።" እስባለሁ፤ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብለው ይመጡና ጭንቅላታቸው ደረቴ ላይ ያርፋል። በዚህ ብቻ መሻሻል አላሳዩም፤ ስንለማመድ ብንውል ወደ ኋላ አንድ ርምጃ አይሉም ነበር። ግን አይፈሩም። ስለማይፈሩ እኮራ ነበር። ኩራቴን ልብ በልልኝ፣ ጥፋቱን የጀመረው እሱ ነው።

እኔ ወሬኛ ነበርኩ። ፒያሳ ባንኮኒ ተደግፌ ማኪያቶ ስጠጣ "የማይራመዱትን ሽማግሌ እንደ ወታደር አስረግጣቸዋለሁ" እያልኩ አወራ ነበር። ይህን ከሚሰሙት አንዱ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂዎች አለቃ ታደለ ነበር። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ እሱንም ጋሽ ተሰማ በጆሮው ይዘውት ያውቃሉ። ታደለ ደግሞ ቀደም ብሎ ሌላ ነገር ከእኔ ሰምቷል። ጋሽ ተሰማን ለሌሊት ሮንድ ጥበቃ ሲጠሯቸው እኔ ነኝ ሄጄ "መራመድ አይችሉም፣ በሽተኛ ናቸው" ብዬ ያስቀረኋቸው። ሁለቱም ቃሌ እውነት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ የሰማ ሰው ግን ምን ይላል?

ጊዜው ሰው እንደ ቅጠል የሚረግፍበት ነበር። በዚህ ወገን ስኳድ የሚባሉት የከተማ ታጣቂዎች በጠራራ ፀሐይ ይገድላሉ፣ በዚያ ወገን ቀበሌው እየለቀመ ይወስዳል። ማለዳ ወደ ሥራ ስንወጣ መንገድ ዳር የተጣሉ ሬሳዎችን ተሻግረን እንሄድ ነበር፤ ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። እናት ልጇን አይታ ማልቀስ አትችልም ነበር። እኛም ሳናይ ለማለፍ ዓይናችንን አሠልጥነን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አብዮት ጠባቂ ከግቢያችን ማዶ በሽጉጥ ተመታ። የመታው ልጅ እየሮጠ ወደ እኛ ግቢ ገባ፣ በጓሮ ቆርቆሮ ዘልሎ ወደ ወንዙ ወረደ። ታደለና ጓደኞቹ ተከትለውት ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ጋሽ ተሰማ በሩ መሐል ቆመዋል። ጽጌን ሊጠብቁ ወጣ እያሉ ነበር፤ በሩ ላይ የደረሱት ልጁ ካለፈ በኋላ ነው፤ የተኩሱ ድምፅና በሩ አንድ ላይ ሆነው እግራቸውን አሰሩት። እንዳይወድቁ የበሩን ግራና ቀኝ ቋሚ በሁለት እጃቸው ያዙ። ልቀቅ አሏቸው፤ እጃቸውም አልታዘዝ አለ። ገፏቸው፣ አልተንቀሳቀሱም። በሰደፍ ደረታቸውን ብለው አንከባለው ጥለዋቸው ሲገቡ ልጁ የለም። የተመታው ጠባቂ ሳይመሽ ሞተ። የታደለ አብሮ አደግ ነበር። ጋሽ ተሰማን አውቀህ በር ዘግተህ ነፍሰ ገዳይ አስመለጥክ ብለው ወሰዷቸው።

እኔ ከሥራ ስመለስ ጽጌ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጣለች፣ ፕላስተሩን እያየች። "ሽፌ፣ አንተ ታውቃለህ። በሽታው እንደሆነ ንገራቸው። አንተ ከነገርካቸው ያምናሉ" አለችኝ። እነግራቸዋለሁ አልኳት። እንደሚያምኑኝም እርግጠኛ ነበርኩ፤ የተማርኩ ሰው ነኝ ብዬ።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ማጋለጥ ይሉት ነበር። ወደዚያ ስሄድ መንገዱ ዳር ካሉት ሬሳዎች መሐል የአንዱን ጫማ አወቅኩት፤ እኔ ዘንድ ለጉልበቱ ይመጣ የነበረ ተማሪ ነው። ጫማውን ብቻ አይቼ አለፍኩ፣ ፊቱን አላየሁም። አዳራሹ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ቤት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ጽጌን በር ላይ መልሰዋታል፤ የተከሳሽ ቤተሰብ አይገባም ተብሎ። ፊት ለፊት የታሰሩት ተደርድረዋል። ጋሽ ተሰማ መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ካፖርታቸው የለም፣ አንድ ዓይናቸው አብጦ ተዘግቷል፣ ቀኝ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ወጣቶች አንድ በአንድ ተጠየቁ፣ ተሰደቡ፣ ተመቱ። በጓሮ በር ወሰዷቸው። ወዴት እንደሚወስዷቸው ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ ታደለ እኔን ጠራኝ። አልጮኸም። "ይህ ሰውዬ አይራመድም ብለህ ከሮንድ አስቀረኸው። ፒያሳ ደግሞ እንደ ወታደር አስረግጠዋለሁ አልክ። የቱ ነው ውሸቱ?" አለኝ።

ልናገር ሞከርኩ። ሜዳ ላይ ይራመዳሉ፣ በር ላይ ይጣበቃሉ፣ መስመር ካዩ ይሻገራሉ አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው ሣቀ፤ ፈርቶ ነው የሣቀው፣ ሌሎችም ተከተሉት። ለራሴ ጆሮም ተረት መሰለኝ። ታደለ አልሣቀም። "እኔ የማውቀው በር ላይ መቆም የለመደ ሰው መሆኑን ነው" አለ። "ወይ በሽታውን አሳየን፣ ወይ አንተም ከእሱ ጋር በጓሮ ትወጣለህ።"

እዚህ ላይ አድምጠኝ። የማሳይበት መንገድ ነበረኝ። አዳራሹ በር አለው። ወደ በሩ ይሂዱ ብል ኖሮ እዚያው ይጣበቁ ነበር፣ ሁሉም ያይ ነበር። ግን ያን ቀን እግራቸው ታዞ ቢሻገሩስ? በሽታው አንዳንዴ እንደዚያ ያደርጋል። ቢሻገሩ አብሬያቸው መሞቴ ነው። ስለዚህ የማይከሽፈውን ፈተና መረጥኩ። ወደ ኋላ የመሳቡን። በእሱ አንድም ቀን ቆመው አያውቁም። "ከኋላ ስስባቸው ጤነኛ ከሆኑ ርምጃ ይላሉ፣ በሽተኛ ከሆኑ ይወድቃሉ" አልኩ። ታደለ "ሳበው" አለ። ያለው ይህን ብቻ ነው። አትያዘው አላለም። ማንም አትያዘው አላለኝም።

ሁለት ጠባቂዎች ጋሽ ተሰማን ወደ መሐል አመጧቸው፣ ገመዳቸውን ፈቱ። ከኋላቸው ቆምኩ። ትከሻቸውን ስይዝ እጄን አወቁት። ሳያዩኝ አወቁት። ቆፍጠን ብሎ የነበረው ትከሻቸው ላላ።

"ሽፌ፣ አለህ?" አሉ።

"አለሁ" አልኩ።

"ካለህማ ሳበኝ" አሉ።

በዚያች ሰዓት ውስጤ ምን ነበር? ፍርሃት ብቻ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። ጠላኋቸው። አንድ ነገር ያላደረጉኝን ሰው፣ ፊልም ያሳዩኝን ሰው፣ እዚህ ድረስ ስላመጡኝ ጠላኋቸው። ለምን በር ላይ ቆምክ አልኩ በልቤ። ለምን አንተ ቆመህ እኔ እሞታለሁ? ክፍላችን ውስጥ ስስባቸው ጣቶቼ ብቻ ይበቁኝ ነበር። ያን ቀን ወገቤንም ክንዴንም ጥላቻዬንም ጨምሬ ሳብኩ። ሳብኩና ወደ ጎን አንድ ርምጃ አልኩ። ያቺን እሳቸው ሊራመዷት ያልቻሉትን ርምጃ እኔ ተራመድኳት።

ቀጥ ብለው ወረዱ። እጃቸው እንኳ ሊደግፋቸው አልተዘረጋም። መጀመሪያ ዳሌያቸው፣ ቀጥሎ የጭንቅላታቸው ኋላ ሲሚንቶውን መታው። ድምፁ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ዓይነት ነበር፤ ደረቅና አጭር። ደሙ ከሽበታቸው ሥር ወጥቶ ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። አንድ ዓይናቸው ተገልጦ ወደ ላይ ያያል። እኔን ነበር የሚያየው። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

አንዲት ሴት "ኧረ በፈጠራችሁ" አለችና አፏን ያዘች። ታደለ ራሱ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ከዚያ "በቃ፣ በሽተኛ ነው። አንሡት" አለ። ጋሽ ተሰማ ነፃ ወጡ። በዚያ ቀን ከዚያ ረድፍ በፊት ለፊት በር የወጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። በጓሮ ከወጡት ወጣቶች አንዱም ለቤተሰቡ አልተመለሰም።

ስለዚህ ሰፈሩ ምን አለ? ሽፌ አዳናቸው አለ። ውጭ ስንወጣ ሽማግሌዎች ሳይናገሩ ትከሻዬን ይዘው ያልፉ ነበር። ጽጌ አባቷን በቃሬዛ ስትቀበል አየችኝና እግሬ ላይ ወደቀች። "ዕድሜ ይስጥህ፣ ከጥይት አፍ አወጣህልኝ" አለች። አነሣኋት። አንድ ቃል አልወጣኝም። እሷም ዝምታዬን ትሕትና አለችው፤ እስካሁንም እንደዚያ ትለዋለች።

አንተም ይህን ጊዜ መከራከር ጀምረህ ይሆናል። ቢይዛቸው አብራችሁ ተመሳጥራችሁ ነው ይሏቸው ነበር፣ ሁለቱም ይሞቱ ነበር ትላለህ። ይህን ክርክር ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት ስቀባባው ኖሬያለሁ። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ይዣቸው ቢሆን እንደ ሳንቃ ደረቴ ላይ ሲመጡ ያዳራሹ ሰው ሁሉ ያይ ነበር። ምናልባት በቂ ይሆን ነበር፤ ምናልባት አይሆንም ነበር። አላወቅኩም፣ አልሞከርኩም። ስገለል ስለ እሳቸው መዳን አላሰብኩም። እሳቸውን ለማዳን ብዬ ነው የሚለው ነገር የመጣልኝ ማታ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ራት እየበላሁ። አዎ፣ ያን ማታ ራቴን በላሁ። ደግሞስ ለማዳን የሚስብ ሰው እንደዚያ አድርጎ ይስባል?

ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታሉ በቁስለኛ ተጨናንቆ ነበርና ጥቂት አቆይተው ወደ ቤት መለሷቸው። አልጋ ላይ ቀሩ። ወለሉ ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር እንዳለ ነበር፤ ጽጌ አባዬ ሲነሣ ይፈልገዋል ብላ ስትጠርግ እንኳ አትነካውም። እኔ በየቀኑ እሄድ ነበር። አገላብጣቸዋለሁ፣ እግራቸውን አንቀሳቅሳለሁ፣ ደረታቸው ውኃ እንዳይዝ አስቀምጣቸዋለሁ። ጽጌ ሰው በመጣ ቁጥር "ከልጅ በላይ ነው" ትላለች። እኔ ደግሞ ፊታቸውን አያለሁ። አንድ ነገር ፈልጌ ነው የማየው፦ ቁጣ፣ ወይም ይቅርታ፣ ወይም ጥያቄ። በሽታው ፊታቸውን ወስዶታል። ስንለማመድ የነበራቸው ፊት፣ ሲወድቁ የነበራቸው ፊት፣ ሾርባ ሳጎርሳቸው የነበራቸው ፊት አንድ ነው። ያንን ፊት ሳነብ ኖሬ አንድም ፊደል አላገኘሁበትም።

ያወቁ ይሆን? አንድ ቀን መልሱን አገኘሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳቸውና ጀርባቸውን ልደግፍ ወደ ኋላቸው ዞርኩ። መላ ሰውነታቸው ደነገጠ። ያ ርምጃ እምቢ የሚል አካል፣ ያ የማይንቀሳቀስ አንገት፣ በአንድ ጊዜ ዞሮ ፈለገኝ። ከዚያ በዚያች ድምፃቸው "ከፊቴ ሁን፣ ልጄ፤ ልይህ" አሉ። ጽጌ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። "አየህ እንዴት እንደሚወድህ፣ ሊያይህ ይፈልጋል" አለችኝ። ጋሽ ተሰማ እሷንም እኔንም አዩ፤ ምንም አልጨመሩም። ለልጃቸው ሊነግሯት ይችሉ ነበር። ምላሳቸው ይሠራ ነበር። አልነገሯትም። እኔን ለማዳን ይሁን እሷን እንዳትጎዳ፣ እስካሁን አላውቅም።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ሳንባቸው ነው አሉ። እኔ ነኝ። ቀብሩ ላይ ከሳጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ ነበርኩ፤ ከኋላ በኩል ያለውን እጀታ ሰጡኝ። አልጣልኩትም። ለሳጥን ሲሆን እጄ ጠንካራ ነበር።

ታደለም ብዙ አልቆየም፤ የራሱ ሰዎች በሉት። እኔ ግን ኖርኩ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ፤ በሥራዬም ተመሰገንኩ። ሌላ ሰው አልጣልኩም። ከዚያ ወዲህ ሕመምተኛ ከኋላ ስስብ ገና ሳልነካው ክንዴ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል፤ ተማሪዎቼ ጥንቃቄዬን ያደንቁ ነበር። ሽፈራው አጥብቆ ይይዛል ይሉ ነበር። እነሱን መያዜ ጋሽ ተሰማን ከወለሉ ያነሣቸዋል?

አሁን ለምን እንደምናገር ልንገርህ። ጸጸት ብቻ ቢሆን ይዤው እሞት ነበር፤ ለምጄዋለሁ። የመጣብኝ ሌላ ነው። ጽጌ አርጅታለች። ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጣች፤ ቀኝ እጇን በነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ነበር። ስታወጣው ይንቀጠቀጣል። የቤተ ክርስቲያን በር ላይ እግሬ እምቢ አለኝ አለችኝ። ሐኪም ጋ ሂጂ አልኳት። "እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንተ እየኝ" አለች። ከዚያ ተነሥታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። "እንደ አባዬ ከኋላ ቁምና ሳበኝ፣ ሽፌ። አንተ ካለህ አልፈራም።"

ጀርባዋ የአባቷ ነው። ትከሻዋ ላላ ብሎ ይጠብቀኛል። እጄን አነሣሁ፣ አልደረሰም። ዛሬ ደክሞኛል፣ ቅዳሜ ነይ አልኳት። "እሺ ወንድሜ" ብላ ሄደች።

ቅዳሜ ትመጣለች። ወንበር ፊት ለፊቴ አስቀምጬላታለሁ። ከኋላዋ አልቆምም። ዓይኗን እያየሁ፣ አባትሽ አልወደቁም፣ የጣልኳቸው እኔ ነኝ እላታለሁ። አለህ ወይ አሉኝ፣ አለሁ አልኳቸው፣ አልነበርኩም እላታለሁ። የእሷ ፊት ገና አልደረቀም፤ በፊቷ ላይ የሚመጣውን ሁሉ አያለሁ። ይቅርታ አልጠይቃትም፤ ይህን ያህል ዘመን ምስጋናዋን ሰርቄያታለሁ፣ ይቅርታዋን ደግሞ አልጨምርም። ከዚያ በኋላ ጀርባዋን ልትሰጠኝ ወይም በሩን ዘግታ ልትሄድ የእሷ ፈንታ ነው። በሩ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌያለሁ፤ ስትሄድ እግሯ እንዳይያዝ።